ደላላው ኢንተርኔት ላይ፣ ባለቤቱ ባንኮኒው ጀርባ

(ከዊልስደን፣ ለንደን)

እኛ ስደተኞች ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ፣ ስለ ድንበርና ስለ ወደብ ስንከራከር ውለን ብናድር አይሰለቸንም። ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቡና ይዘው ከተቀመጡ፣ መንግሥታት የተፈራረሙትን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ እየበለቱ ያመሻሉ። እነዚሁ ሰዎች በማግስቱ ለሦስት ቀን የምትሆን መኪና ለመከራየት ኢንተርኔት ይገቡና፣ ማለቂያ የሌለውን የውል ገጽ አንድ መስመር ሳያነቡ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ሳጥን ጠቅ ያደርጋሉ። ከዚያም ባንኮኒ ፊት ቆመው፣ ሻንጣና ልጅ ይዘው፣ ከኋላቸው ሰልፍ ተደርድሮ፣ ክፈሉ የተባሉትን ይከፍላሉ።

አንድ ውል ሁለት መልክ ሲኖረው ምን እንደሚከተል ከኛ የበለጠ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ልዩነት መጨረሻው ዓድዋ ነበር። በርግጥ የመኪና ኪራይ ከዓድዋ ጋር አይወዳደርም። የነገሩ አካሄድ ግን ይመሳሰላል። ስክሪኑ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ዋጋ አንድ ነገር ይላል፤ ባንኮኒው ላይ የሚቀርበው ወረቀት ሌላ። በሁለቱ መካከል የሚጠፋው ገንዘብ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው አዲስ መጤውን፣ የባንክ ታሪክ የሌለውን፣ ስሙ በየሰነዱ የተለያየውን ሰው ነው። ባጭሩ እኛን። ዛሬ ይህንኑ እንነጋገር። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ድረ ገጹ ደላላ ነው

ነገሩን ለመረዳት አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ የተቀበለንን ድረ ገጽ የመኪናው ባለቤት አድርገን ማሰባችን። አይደለም። ደላላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት የተከራየ ሰው ደላላን አሳምሮ ያውቀዋል። ደላላው ቤቱን ያሳያል፣ ያወዳድራል፣ ያግባባል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ጣራው ሲያፈስ ግን የምንጠራው አከራዩን ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለውም ደላላ ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ፊቱ የማይታይ፣ ቋንቋው የተለሰለሰ፣ ገጹ ያማረ መሆኑ ነው።

መኪና ማከራየት ራሱ አሮጌ ንግድ ነው። ዋልተር ጃኮብስ የተባለ ወጣት በ1918 ቺካጎ ውስጥ ጥቂት የፎርድ መኪኖች ይዞ ጀመረ፤ በ1923 ለጆን ኸርትዝ ሸጠው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ። በ1946 ዋረን ኤቪስ ሚቺጋን ውስጥ ኪራዩን ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር አገናኘው። በ2000 ደግሞ የኢዚጄቱ ባለቤት ስቴሊዮስ ሃጂ ዮአኑ ኢዚካርን ለንደን ላይ አቋቁሞ የመኪና ኪራይን በኢንተርኔት በርካሽ መሸጥ ጀመረ። በ2004 ማንቸስተር ውስጥ ትራቭልጂግሶ የሚባል ድርጅት ተመሠረተ፤ በ2010 የቡኪንግ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ በኋላም ሬንታልካርስ ዶት ኮም በሚል ስም ታወቀ። የዚህ ዓይነቱ ድርጅት ንግዱ የሌሎችን መኪና ማገናኘት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው በደላላ ድረ ገጽ መኪና ሲይዝ የሚገባው ሁለት ውል ነው። አንደኛው ከደላላው ጋር፤ እሱም ስለ ማስያዝ፣ ስለ መሰረዝና ስለ ገንዘብ መመለስ ነው። ሁለተኛው ከአከራዩ ጋር፤ እሱም ባንኮኒው ላይ የሚፈረመው ነው። መንጃ ፈቃድ ይበቃል አይበቃም፣ ካርድ ይሠራል አይሠራም፣ መያዣ ስንት ነው፣ ጭረት ተገኘ አልተገኘም የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ሁለተኛው ነው። «ድረ ገጹ ላይ እኮ እንዲህ ብሎኛል» ማለት አከራዩ ፊት ብዙ አይረዳም። እሱ የሚያውቀው የራሱን ወረቀት ነው።

ከዊልስደን እስከ ባዝ

አንድ ጎረቤቴ ቤተሰቡንና ከዋሽንግተን የመጣች እህቱን ይዞ ባዝ ከተማ ለመሄድ አሰበ። ምክንያቱን አንባቢ ይገምተዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1940፣ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ያለው እዚያ ነው፤ ኬልስተን ሮድ ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን በ1958 ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለባዝ ከተማ ሰጡት። መንገዱም የታሪክ መንገድ ነው። ከዊልስደን በኖርዝ ሰርኩላር ቺዝዊክ ተወርዶ ኤም 4 ሲያዝ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የዊንዘር መታጠፊያ ይመጣል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ የተቀበረው እዚያው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ባቡር አያዋጣም። መኪና ነው የሚሻለው።

ጎረቤቴም አንድ ድረ ገጽ ላይ ለሦስት ቀን ዘጠና ፓውንድ የማይሞላ አውቶማቲክ መኪና አገኘ። ገጹ ላይ «ሙሉ ጥበቃ» የሚባል ኢንሹራንስም ጨምሮ ገዛ። ማለዳ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ሠራተኛው የጠየቀው ክሬዲት ካርድ ነው። ጎረቤቴ ያለው ዴቢት ካርድ ነው። «በዴቢት ካርድ የምንሰጠው የራሳችንን ኢንሹራንስ ከገዙ ብቻ ነው» ተባለ። «ኢንሹራንስ እኮ ገዝቻለሁ» አለ። «እሱ የኛ አይደለም» ተባለ። ልጆቹ ቆመዋል፤ እህቱ ሰዓት ታያለች፤ ከሄደም ቀድሞ የከፈለው አይመለስለትም። ፈረመ። ዘጠና የማይሞላው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የድርጅቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ጠባይ ሳይሆን የንግዱ አሠራር ነውና።

የጎረቤቴን ታሪክ ስናገር «እኔም እኮ…» ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ባንኮኒው ላይ የሚያሰናክሉንን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

መጀመሪያ ስም። የእነሱ ቅጽ የሚጠይቀው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ስለዚህ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ ሌላው ላይ የአያት። ባንክ ካርዱ ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት። አንዱ ላይ «ኃይሉ» በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ላይ በሌላ። ባልና ሚስትም የተለያየ የአባት ስም ይዘው ይመጣሉ፤ የኛ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥማ። ለእኛ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ነው። ባንኮኒው ላይ ላለው ሠራተኛ ግን ስሙ የማይገጥም ሰው አጠራጣሪ ሰው ነው። ደንባቸውም ግልጽ ነው፤ ማስያዣው፣ መንጃ ፈቃዱና ካርዱ ሦስቱም የዋናው ሾፌር ስም መሆን አለባቸው። ሚስት አስይዛ ባል ካርዱን ቢያወጣ አይሆንም። መፍትሔው ሲያስይዙ ስምን «በሰፈር የምጠራበት» ሳይሆን መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል መጻፍ ነው።

ቀጥሎ ቀን። አሜሪካ ያለው ዘመድ ወርን ያስቀድማል፤ እንግሊዝ ቀንን ያስቀድማል። በቁጥር የተጻፈ 5/7 ለአንዱ ሜይ 7፣ ለሌላው ጁላይ 5 ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ገና የሚሠራው ፈቃድ ለእንግሊዙ ሠራተኛ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈበት ይመስለዋል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። በስልክ «ጠዋት በሦስት ሰዓት ያዝልኝ» የተባለ ሰው እንደ ሰማው 3 ብሎ ከሞላው፣ መኪናው የሚጠብቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አከራዮች ብዙዎቹ ተከራዩ በቀጠሮው ሰዓት ካልደረሰ መኪናውን ለሌላ ይሰጣሉ፤ ገንዘቡም ይቀራል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የበረራ ቁጥሩን ሲያስይዝ መሙላት ያለበት ለዚህ ነው፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ አከራዩ ያውቃል።

የትኛው መንጃ ፈቃድ?

ከኢትዮጵያም ሆነ ከአሜሪካ ለጉብኝት እንግሊዝ የመጣ ሰው ባገሩ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ሕጉ ይፈቅድለታል። ኑሮውን እዚህ ያደረገ ሰው ደግሞ 12 ወሩ የሚቆጠርለት ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ እዚህ ተፈትኖ ካላለፈ መንዳት አይችልም። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። የአሜሪካም የለም። እንግሊዝ ሁለትና ሦስት ዓመት ኖሮ የአዲስ አበባ ፈቃዱን እያሳየ የሚከራይ ሰው አለ። ባንኮኒው ላይ ቢያልፍለት እንኳ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ እንደሚነዳ ይቆጠራል፤ ኢንሹራንሱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

የእንግሊዝ ፈቃድ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። እስከ 2015 ድረስ ከካርዱ ጋር የወረቀት ቅጂ ነበረ፤ ቅጣትና ነጥብ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ነበር። ሰኔ ወር 2015 ወረቀቱ ቀረ። አሁን አከራዩ የሾፌሩን መዝገብ ለማየት ከዲቪኤልኤ ድረ ገጽ የሚወጣ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን ለማውጣት የመንጃ ፈቃዱ ቁጥር፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና ፖስት ኮድ ያስፈልጋሉ፤ የሚሠራውም ለ21 ቀን ነው። ባንኮኒው ላይ ሆኖ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሩን በቃሉ የሚያስታውስ ስንቱ ነው? ከቤት ሳይወጡ፣ ኮምፒውተር የሌለውም ዊልስደን ግሪን ላይብረሪ ገብቶ፣ ቁጥሩን አውጥቶና የውሉን ወረቀት አትሞ መያዝ ነው።

ከእንግሊዝ ወጥቶ ለሚከራይም እንዲሁ ማጣራት ያሻል። አንዳንድ አገር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የእንግሊዝ ፈቃድ ያለው ሰው ይህን ከ2024 ወዲህ የሚያገኘው ከፖስታ ቤት ሳይሆን የፔይፖይንት ምልክት ካላቸው ሱቆች ነው፤ ዋጋው 5 ፓውንድ ከ50 ነው። የሚሰጠው ግን ፈቃዱ በወጣበት አገር ነው። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለው ሰው ለንደን ላይ ሊያወጣው አይችልም።

በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጓዙ ወገኖች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው። ይህ ሰነድ በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት የሚሰጥ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ነው። የደላላው ገጽ ግን የሚለው «ፓስፖርት» ብቻ ነው። ባንኮኒው ላይ የቆመው ወጣት ሰነዱን በሕይወቱ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ከመክፈል በፊት ለአከራዩ በኢሜይል ጽፎ «በዚህ ሰነድ ታከራያላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን አትሞ መያዝ ይበጃል። በስልክ የተነገረ ቃል ባንኮኒው ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ማርሽም አንድ ቃል። በአውሮፓ በርካሽ የሚገኘው መኪና ብዙ ጊዜ ባለ ማርሹ ነው። እንግሊዝ አገር በአውቶማቲክ ተፈትኖ ያለፈ ሰው ባለ ማርሽ መንዳት አልተፈቀደለትም። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ማርሽ ነክቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ መንገዱ በግራ ነው። ኢትዮጵያም እስከ 1964 ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ ያንን የሚያስታውሱ አባቶች ግን ዛሬ መሪ የሚይዙ አይደሉም።

ካርዱ ዋስ ነው

አገራችን ላይ መኪና መከራየት አብዛኛውን ጊዜ ከነሾፌሩ ነው፤ ወይም በሚታወቅ ሰው በኩል ነው። እምነት የሚጣለው በሰው ላይ ነው። ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ የተከበረ ሰው ከሆነ ነገሩ አለቀ። እዚህ አገር ዋሱ ክሬዲት ካርድ ነው። አከራዩ በካርዱ ላይ መያዣ ያግዳል፤ ገንዘቡ አይወሰድም፣ ግን አይነካም። መኪናው በሰላም ሲመለስ እገዳው ይነሣል፤ ለመነሣትም ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዴቢት ካርድ ሲሆን ግን የሚታገደው የራስ ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ።

አዲስ የመጣ ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው ክሬዲት ካርድ ቶሎ አያገኝም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ዋስ አጥቶ ይመለሳል፤ ወይም እንደ ጎረቤቴ ዋስ ስለሌለው ሁለተኛ ኢንሹራንስ ይገዛል። ድህነት ውድ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በካርዱ ላይ የመያዣውን ያህል ቦታ መኖሩንም አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ሌላም አለ። ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው የክፍያው ማሽን «በዶላር ወይስ በፓውንድ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በዶላር ካለ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑን ያቀረበው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜም ይጎዳል። በአገሩ ገንዘብ መክፈል ይሻላል።

ኢንሹራንሱና ጭረቱ

እንግሊዝና አውሮፓ ውስጥ የኪራዩ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መሠረታዊ ኢንሹራንስ አለበት። ነገር ግን መኪናው ቢጎዳ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉትን፣ የሚችለው ተከራዩ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ከ1000 ፓውንድ ያልፋል። ጎማ፣ መስተዋት፣ ጣራና የመኪናው ሆድ ደግሞ ከሽፋኑ ውጭ የሚቀሩበት ውል ብዙ ነው። ደላላው «ሙሉ ጥበቃ» እያለ የሚሸጠው ይህን የመጀመሪያ ድርሻ የሚመልስ ሌላ ኢንሹራንስ ነው። የሚሠራውም እንዲህ ነው፤ ጉዳት ቢደርስ አከራዩ ከካርዱ ላይ ይወስዳል፤ ተከራዩ ደረሰኙን ይዞ ከኢንሹራንሱ ይጠይቃል፤ በኋላ ይመለስለታል። መያዣውን አያስቀርም። አከራዩንም አያስገድድም። ጎረቤቴ ያልተነገረው ይህን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ባንኮኒው ላይ «ሌላ አልፈልግም፣ መያዣውን ያዙ» ማለት ይችላል፤ ክሬዲት ካርድ ካለው።

ጭረትን በተመለከተ መድኃኒቱ ስልክ ነው። መኪናው ሲወሰድም ሲመለስም አራቱን ጎን፣ ጎማዎቹን፣ ጣራውን፣ የነዳጁንና የኪሎሜትሩን ቆጣሪ በቪዲዮ መቅዳት። ዝናብ ቢሆንም፣ ቢመሽም። የተሰጠው ወረቀት ላይ ያልተመዘገበ ጭረት ካለ ከግቢው ሳይወጡ ማስመዝገብ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏል ይህን ነው። ነዳጅም ሞልቶ ተቀብሎ ሞልቶ መመለስ የሚለው ውል ከሁሉ ይሻላል። የሞላ ታንክ በቅድሚያ አስከፍሎ ትራፊውን የማይመልስ ውል፣ ላልተነዳበት ነዳጅ መክፈል ነው።

መኪናው ከተመለሰ በኋላ የሚመጣም ሂሳብ አለ። መሀል ለንደን የሚገባ ሰው የሚከፍለው የመጨናነቅ ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በቀን 18 ፓውንድ ነው። ዳርትፎርድ ላይ ቴምዝን የሚሻገር ሰው ከ2014 ወዲህ የሚያስቆመው በር የለም፤ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ራሱ መክፈል አለበት። ካልከፈለ 3 ፓውንድ ከ50 የነበረው 70 ፓውንድ ቅጣት ይሆናል። አከራዩም በላዩ ላይ «ለደብዳቤ ሥራ» ብሎ የራሱን ይጨምራል።

መሪውን የያዘው ማነው?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የኛ ሰው በጋራ ነው የሚሄደው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፤ ደግ ልማድ ነው። ኪራይ መኪና ላይ ግን ስሙ ውሉ ላይ ያልተመዘገበ ሰው መሪ ከያዘ ያለ ኢንሹራንስ ነው የሚነዳው። እንግሊዝ አገር ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የተያዘ ሰው ቅጣቱ 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፤ ፖሊስ መኪናውንም ሊወስደው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱ ይሰረዛል። ከወገኖቻችን ስንቱ በሚኒካብ እንደሚተዳደር እናውቃለን። ለጓደኛው አንድ ሰዓት መሪ የያዘ ሰው የልጆቹን እንጀራ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ለተጨማሪ ሾፌር የሚጠየቀው ክፍያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ለማኅበር ጉዞ ሰፊ መኪና የሚፈልግም ይወቅ፤ ተራ መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ከሾፌሩ ሌላ እስከ 8 ተሳፋሪ ነው።

መብት አለን

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን እናድርግ፣ አገሩ የነሱ ነው» የሚል አይጠፋም። አገሩ የነሱ ቢሆንም ሕጉ ለሁሉም ነው። በ2015 የአውሮፓ ኮሚሽንና የእንግሊዝ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን በጋራ ኤቪስ ባጀትን፣ ኢንተርፕራይዝን፣ ዩሮፕካርን፣ ኸርትዝንና ሲክስትን አነጋግረው፣ የግድ የሚከፈለውን ሁሉ ያካተተ ዋጋ እንዲያሳዩ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ነዳጅ በግልጽ እንዲናገሩ፣ በጭረት ጉዳይም ፍትሐዊ እንዲሆኑ ቃል አስገቧቸው። ያን ያመጣው የተጠቃሚዎች አቤቱታ ነው።

ከዚያም ወዲህ እንግሊዝ የ2024ቱን የዲጂታል ገበያዎች፣ የውድድርና የተጠቃሚዎች ሕግ አወጣች። ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ አንድ ሻጭ የግድ የሚከፈልን ነገር ደብቆ፣ ዋጋውን በጠብታ በጠብታ መጨመር ተከልክሏል። ያው ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ የሚጥሰውን ድርጅት ከዓለም አቀፍ ሽያጩ እስከ 10 በመቶ መቅጣት ይችላል። ሕጉ የሚመለከተው የግድ የሆነውን ክፍያ ነው፤ በፈቃድ የሚገዛውን አይደለም። ታዲያ ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው ካልገዛ መኪናውን የማያገኝበት ኢንሹራንስ በፈቃድ ነው ወይስ በግድ? ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ነው።

የአቤቱታውም መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ለአከራዩም ለደላላውም በጽሑፍ ማመልከት፤ በስልክ አይደለም። አከራዩ የእንግሊዝ የመኪና አከራዮች ማኅበር፣ ቢቪአርኤልኤ፣ አባል ከሆነ ማኅበሩ የሚያስታርቅበት ሥርዓት አለው። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ፣ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ለሆነ ግዢ፣ የ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 የካርዱን ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ደላላ መሀል ሲገባ ይህ መብት ሊያወዛግብ ይችላል፤ ገንዘቡ ለማን እንደተከፈለ ደረሰኙ ላይ ማየት ነው። በዴቢት ካርድ ለከፈለ ደግሞ ባንኩን ቻርጅባክ እንዲያደርግለት መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ እምቢ ካለ የፋይናንስ እምባ ጠባቂው አለ፤ አገልግሎቱ ለተጠቃሚ በነጻ ነው። ከሁሉም በኋላ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ክርክር የሚታይበት አነስተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ደብዳቤ መጻፍ የሚከብደው ሰው ሲትዝንስ አድቫይስን ይጠይቅ፤ ወይም እንግሊዝኛው የበረታ የጎረቤት ልጅ ይጻፍለት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው የአባቶች ምክር ባንኮኒ ፊት አይሠራም። ዝም ባለ ሰው ኪስ ውስጥ እጅ ይገባል። እኛ ዳውኒንግ ስትሪት ፊት ለፊት በብርድ ቆመን ለሌላው መብት የምንጮህ ሰዎች ነን። ሁለት መቶ ፓውንድ ያላግባብ ሲወሰድብን ግን «ይቅር፣ ለክፉ አይስጥ» ብለን ወደ ቤት እንገባለን። አንድ ሰው ሲተው የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። ሁላችን ስንተው ግን አከራዩ ይህ ዓይነቱ ደንበኛ እንደማይናገር ይማራል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ወገን ዋጋውን ያኖርለታል።

ስለዚህ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ባዝም ይሁን ወደ ማላጋ፣ ዋጋውን ከማየት በፊት «የኪራይ ደንብ» የምትለዋን ደቃቃ መስመር መጫን ነው። አከራዩ ማነው? የሚቀበለው የትኛውን ካርድ ነው? መያዣው ስንት ነው? መንጃ ፈቃዴንና ሰነዴን ይቀበላል? ማን ማን ይነዳል? አምስት ጥያቄ ነው። አምስቱም መልስ ካገኙ ይከፈላል፤ ካላገኙ ሌላ ደላላ ሞልቷል። አንቀጽ 17ን ለልጆቻችን ስናስተምር፣ በራሳችን ስም የምንፈርመውንም አንቀጽ አብረን እናንብብ።

መልካም መንገድ። ቸር እንሰንብት።